የአራት ሳንቲም ክርክር

አንድ ተከታታይ ድራማ አይተው ሲጨርሱ በቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ ሽቅብ የሚጎርፉትን ስሞች ለማንበብ ታግሠው ያውቃሉን? አብዛኞቻችን አናውቅም። ተዋናዩን በመልኩ፣ በድምፁ፣ በአካሄዱ እንለየዋለን፤ በመንገድ ብናገኘው ዘመድ እንዳገኘ ሰው ፊታችን ይፈካል። በተዋናዩ አፍ የገባውን ቃል አምጦ የወለደው ሰው ግን ስሙ ለአንድ አፍታ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ያስለቀሰን እርሱ ነው፤ ያሳቀንም እርሱ ነው፤ በአጠገባችን ቢያልፍ ግን ዞር ብለን አናየውም።

በ2007 መገባደጃ ላይ በአሜሪካ ያልተለመደ ነገር ሆነ። ተመልካቹ ጸሐፊውን ፍለጋ ወደ ጎዳና ወጣ። ያን ታሪክ ዛሬ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የብዕር ሰው የድካሙን ዋጋ ከማን፣ ለምን ያህል ጊዜና በምን ሚዛን ሊቀበል ይገባል የሚለው ጥያቄ በየትም አገር ያለ ጸሐፊ ሁሉ፣ አንባቢም ጭምር፣ አንድ ቀን የሚጋፈጠው ጥያቄ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነበር። ኖቬምበር 5 ቀን 2007 የአሜሪካ ጸሐፍት ማኅበር አባላት፣ ቁጥራቸው 12,000 የሚደርስ የፊልምና የቴሌቪዥን ጸሐፍት፣ ብዕራቸውን አስቀመጡ። በሎስ አንጀለስና በኒው ዮርክ ቀይ ካናቴራ የለበሱ፣ መፈክር የተጻፈበት ሰሌዳ ያነገቡ ሰዎች በየስቱዲዮው በር ላይ ይመላለሱ ጀመር። በየምሽቱ የሚታዩት የቀልድና የጨዋታ ዝግጅቶች ወዲያው ቆሙ፤ በቦታቸው የድሮ ዝግጅቶች በድጋሚ ይታዩ ገቡ። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉም የታወቁት ድራማዎች አንድ በአንድ የተጻፈላቸው ክፍል አለቀባቸው።

በልማድ እንደምናውቀው የሥራ ማቆም አድማ ሲነሣ ተገልጋዩ ይቆጣል። የአውቶቡስ ሾፌር ሥራ ሲያቆም፣ ተሳፋሪው ሾፌሩን ነው የሚረግመው። እዚህ ግን ብዙ ተመልካቾች የሚወዱትን ድራማ ካቋረጡባቸው ሰዎች ጎን ቆሙ። ትኩስ ቡናና ፒዛ አዝዘው ወደ ሰልፈኞቹ ላኩ፤ ሩቅ ያሉት ገንዘብ አዋጡ፤ ቅርብ ያሉት አብረው ሰሌዳ ይዘው ተመላለሱ። ስለ ምን? ይህን ለመረዳት ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያሻል።

፩

የሆሊውድ ጸሐፍት በማኅበር መሰባሰብ የጀመሩት በችግር ዘመን ነው። በ1933 የኢኮኖሚው ውድቀት አሜሪካን ሲያንኮታኩት፣ ስቱዲዮዎቹ የሠራተኞቻቸውን ደመወዝ ለስምንት ሳምንታት በግማሽ እንደሚቆርጡ አስታወቁ። በዚያው ዓመት ጸሐፍቱ ማኅበራቸውን እንደገና አቋቁመው ጆን ሃዋርድ ላውሰንን ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው መሆኑ ነው። በ1954 ደግሞ የፊልም፣ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጸሐፍት ተዋሕደው፣ ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ በሁለት ክንፍ የተደራጀውን የአሜሪካ ጸሐፍት ማኅበር መሠረቱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው በመጽሐፉ ላይ ያለው የደራሲነት መብት የራሱ ነው፤ አሳታሚው መጽሐፉን በሸጠ ቁጥር ድርሻውን ይከፍለዋል። ለስቱዲዮ የሚጽፍ ሰው ግን ዕጣው ሌላ ነው። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ተቀጥሮ የጻፈው ሥራ የአሠሪው ነው፤ በሕግ ፊት «ደራሲው» ኩባንያው እንጂ ብዕሩን የያዘው ሰው አይደለም። ጸሐፊው ልጁን ወልዶ ለሌላ ሰው በማደጎ እንደሚሰጥ ወላጅ ነው። ለዚህ ትልቅ ስጦታ በምትክነት የሚያገኘው ነገር ቢኖር፣ ሥራው በድጋሚ በታየና በተሸጠ ቁጥር የሚከፈለው ትንሽ ድርሻ ነው። እነርሱ «ሬዚዱዋል» ይሉታል፤ እኛ የድጋሚ ክፍያ ልንለው እንችላለን። እንግዲህ የሆሊውድ ጸሐፍት የአድማ ታሪክ ከሞላ ጎደል የዚህ የድጋሚ ክፍያ ታሪክ ነው።

በ1960 ቴሌቪዥን በየሳሎኑ ገብቶ ነበር። ስቱዲዮዎቹ ለሲኒማ ቤት የሠሯቸውን ፊልሞች ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ማከራየት ያዙ፤ ጸሐፊውና ተዋናዩ ግን ከዚህ አዲስ ገቢ የሚደርሳቸው አልነበረም። ጸሐፍቱ ከጃንዋሪ እስከ ጁን አምስት ወር ገደማ ሥራ አቆሙ። ተዋንያኑም፣ በኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት በሆነው በሮናልድ ሬገን መሪነት፣ በዚያው ዓመት አድማ መቱ። ጸሐፍቱ በመጨረሻ ፊልም ለቴሌቪዥን ሲከራይ ከኪራዩ 1.2 በመቶ እንዲያገኙ ተፈቀደ፤ የጡረታና የጤና መድን ዋስትናም አገኙ። ከ1960 በፊት የተሠሩት ፊልሞች ግን ከስምምነቱ ውጭ ቀሩ። እነዚያ ፊልሞች ለሚመጡት አሥርተ ዓመታት በቴሌቪዥን ሲታዩ፣ በሠሯቸው እጆች ላይ ከኪራዩ የወደቀ ነገር አልነበረም። የአንድ ትውልድ ድካም ለሚመጣው ትውልድ መብት ቤዛ ሆኖ ተከፈለ ማለት ይቻላል።

፪

ከዚያም የቪዲዮ ካሴት መጣ። በ1985 ጸሐፍቱ ከሁለት ሳምንት ያልዘለለ አድማ አድርገው ሲከፋፈሉና ሲደክሙ፣ ስቱዲዮዎቹ ያቀረቡትን ስሌት ተቀበሉ። ስሌቱ ሲታይ ቀላል ነው። ካሴት ማምረት ውድ ስለሆነ፣ ከካሴቱ ገቢ 80 በመቶ የሚሆነው ለማምረቻና ለማከፋፈያ ወጪ ተብሎ አስቀድሞ ይነሣል፤ ጸሐፊው በቀረው 20 በመቶ ላይ 1.5 በመቶ ይሰጠዋል። ወደ ጠቅላላው ገቢ ሲመነዘር 0.3 በመቶ ማለት ነው። ሽያጩ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ሲያልፍ 0.36 በመቶ ይሆናል።

በዚያን ጊዜ ብዙዎች ይህን እንደ ጊዜያዊ ነገር ቆጠሩት። አዲስ ገበያ ነው፤ ይደግ፤ ሲያድግ እንተሳሰባለን ተባለ። ገበያው አደገ፤ መተሳሰቡ ግን አልመጣም። በ1988 ለአምስት ወር ያህል የዘለቀ፣ እስከዚያ ድረስ ረጅሙ የተባለ ሌላ አድማ ቢደረግም የካሴቱ ስሌት ከቦታው አልተነቃነቀም። ከዚያ ዲቪዲ የሚሉት ተተካ። ዲቪዲን ማምረት ከካሴት ይልቅ እጅግ ርካሽ ነው፤ የ80 በመቶው ተቀናሽ ምክንያት በኖ ጠፋ፤ ተቀናሹ ግን እንዳለ ኖረ። በዚህ ስሌት ከአንድ ዲቪዲ ሽያጭ ለጸሐፊው የሚደርሰው አራት ሳንቲም ያህል ነበር። አራት ሳንቲም!

እንግዲህ በ2007 ጸሐፍቱ ወደ ድርድር ጠረጴዛው ሲቀርቡ አንዱ ጥያቄያቸው አራቱ ሳንቲም ስምንት እንዲሆን ነበር። ሌላው፣ በኋላ እንደታየውም ዋናው፣ ስለ ኢንተርኔት ነበር። ሰዎች ድራማን በኮምፒውተራቸው ማየት ጀምረዋል፤ ኩባንያዎቹም ከማስታወቂያ ገንዘብ ይሰበስባሉ። ለጸሐፊው ምን ይደርሰዋል? ኩባንያዎቹ፣ ገበያው ገና ጨቅላ ነው፣ ምን እንደሚያስገኝ አይታወቅም፣ እናጥና አሉ። ጸሐፍቱ ይህን መልስ ከ22 ዓመት በፊት ሰምተውታል። በአንድ በኩል ለጸሐፍቱ «አይታወቅም» የሚሉት ባለጸጎች፣ በሌላ በኩል ለባለአክሲዮኖቻቸው ከኢንተርኔት ስለሚመጣው ብዙ ገንዘብ በኩራት ሲናገሩ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ አቀናብረው ለሕዝብ አሳዩ። ቀልድ መጻፍ የሚያውቅ ሰው ጠላቱን በገዛ አፉ ሲያስመሰክር እንዲህ ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። «ዘ ኦፊስ» የተባለው የቀልድ ድራማ ጸሐፍት በ2006 ለኢንተርኔት ብቻ የሚሆኑ አጫጭር ክፍሎች ጽፈው ነበር። ሥራው ተወደደ፤ ሽልማት ሳይቀር አገኘ። ክፍያ ሲጠየቅ ግን፣ ይህ ማስታወቂያ እንጂ ድራማ አይደለም ተባለ። ሽልማት ያገኘ፣ ማስታወቂያ የተለጠፈበት፣ ገንዘብ ያስገኘ ሥራ ለጸሐፊው ሲሆን «ማስታወቂያ» ሆነ።

፫

በአድናቂዎቹ መካከል ግን ሁሉም አንድ ልብ አልነበረም፤ ብርቱ ክርክር ተነሥቷል። አንዳንዶች እንዲህ ይሉ ነበር፦ የቧንቧ ሠራተኛ ቧንቧውን ጠግኖ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ውሃ በተከፈተ ቁጥር ሳንቲም አይሰበስብም። ጸሐፊው ለሠራው ሥራ አንዴ ከተከፈለው ሁለተኛ ክፍያ ምን ይባላል? ደግሞም ከእኔ የተሻለ ደመወዝ ለሚያገኝ ሰው እንዴት ልዘን?

ክርክሩ ከበድ ያለ ነው፤ በቀላሉ የሚገፋም አይደለም። ነገር ግን ሁለት መልሶች አሉት። የመጀመሪያው፣ ከላይ እንዳየነው፣ ጸሐፊው ሥራውን ሲያስረክብ ያስረከበው የእጁን ጉልበት ብቻ አይደለም፤ የደራሲነት መብቱንም ጭምር ነው። የድጋሚ ክፍያው የዚያ መብት ዋጋ በየጊዜው የሚከፈል ቀሪ ነው። የቧንቧ ሠራተኛው የተጠገነው ቧንቧ በዓለም ዙሪያ ተባዝቶ አይሸጥበትም። ሁለተኛው መልስ የኑሮ ነው። የቴሌቪዥን ጸሐፊ ቋሚ ሥራ የለውም። ድራማው ሲዘጋ ሥራውም አብሮ ይዘጋል፤ ማኅበሩ በወቅቱ እንዳስታወቀው በአንድ ዓመት ውስጥ ከምዕራብ ክንፍ አባላቱ ግማሽ ያህሉ ሥራ አያገኙም ነበር። ጥቂቶች ባለጸጎች መሆናቸው እውነት ነው። ለብዙኃኑ ግን ያቺ የድጋሚ ክፍያ ቼክ በሁለት ሥራዎች መካከል ያለችውን ደረቅ ወቅት የምታሻግር ስንቅ ነበረች።

አድናቂዎቹ ይህን ሲረዱ የራሳቸውን ዘዴ ፈለጉ። ቀደም ሲል በዚያው ዓመት «ጄሪኮ» የተባለ ድራማ እንዲቋረጥ ሲወሰን፣ ተመልካቾቹ ከ20 ቶን በላይ ኦቾሎኒ ለጣቢያው ልከው ውሳኔውን አስቀይረው ነበር። ገና በ1968 የ«ስታር ትሬክ» ወዳጆች በደብዳቤ ናዳ ድራማውን ለሦስተኛ ዓመት አቆይተውታል። ስለዚህ ተመልካች ተባብሮ ከጮኸ እንደሚሰማ ልምዱ ነበራቸው። በአድማው ጊዜም አንድ ዶላር ያዋጣ ሁሉ አንድ ፓኬት እርሳስ በስሙ ለኩባንያ ባለቤቶች የሚላክበት ዘመቻ ተጀመረ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር እርሳስም ተሰበሰበ። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ እርሳሱ ይኸው፣ እስቲ እናንተ ጻፉት! «በፊ»ን የፈጠረው የጆስ ዊደን አድናቂዎች በተለይ ብርቱዎች ነበሩ፤ በዲሴምበር 2007 ከየሥፍራው ተጉዘው ከእርሱና ከባልደረቦቹ ጋር በፎክስ ስቱዲዮ በር ላይ ተሰልፈዋል። ዊደንም በአድማው ወራት ከወንድሞቹ ጋር የጻፈውን አጭር የሙዚቃ ድራማ በራሱ ገንዘብ ሠርቶ በጁላይ 2008 በኢንተርኔት በነጻ አሳየ፤ ያለ ስቱዲዮም ጸሐፊና ተመልካች ሊገናኙ እንደሚችሉ ያሳየ ሥራ ነበር።

የሎስ አንጀለስን ከተማ የሚያውቅ ወገኔ የፌርፋክስን ጎዳና አይዘነጋውም፤ ከ2002 ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚል ስም የተሰጠው የምግብ ቤቶቻችን ሠፈር ያለው በዚያ ጎዳና ላይ ነው። በዚያው ጎዳና ወደ ሰሜን ጥቂት ቢጓዙ ያኔ የሲቢኤስ የነበረውን «ቴሌቪዥን ሲቲ» ያገኛሉ። በእነዚያ ወራት ሰልፈኞች ከሚመላለሱባቸው በሮች አንዱ ያ ነበር።

፬

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልሆነም። አድናቂው ዋጋውን በሚወደው ነገር ከፈለ። «ሂሮስ» ሁለተኛ ዓመቱን በ11 ክፍል ቋጨ፤ «ሎስት» አራተኛ ዓመቱ አጠረ፤ «ብሬኪንግ ባድ» የመጀመሪያ ዓመቱን በ9 ፈንታ በ7 ክፍል ጨረሰ። «ፑሺንግ ዴይዚስ» የተባለው ውብ ድራማ በ9 ክፍል ተቋርጦ፣ በተመለሰ ጊዜ ተመልካቹ ተበትኖ ስለነበር ከሁለተኛ ዓመቱ አላለፈም። በእጁ እርሳስ የላከ ሰው፣ የላከለት ድራማ ሲሞት ያየ ነበር።

ከዚህም የከፋ ዋጋ የከፈሉ ነበሩ። መብራት የሚያበሩት፣ ፊት የሚቀቡት፣ ልብስ የሚሰፉት፣ መኪና የሚነዱት፣ ለሠራተኛው ምግብ የሚያቀርቡት ሰዎች ሥራ አጡ። እነርሱ ከዲቪዲውም ከኢንተርኔቱም በስማቸው የሚላክ ቼክ የላቸውም፤ ከአድማው ድልም የደረሳቸው ነገር ጥቂት ነው። የከተማዋ ኪሳራ በተለያየ መንገድ ቢሰላም ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ መሆኑ ተነግሯል። የጸሐፍቱ ጥያቄ ትክክል ነው ስንል የእነዚህን ሰዎች ዝምታ ካልሰማን ፍርዳችን ጎደሎ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄም ቢሆን ዋጋውን አንዳንድ ጊዜ ያልጠየቀው ይከፍላል።

አድማው በመቶኛው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2008 አበቃ። የጎልደን ግሎብ የሽልማት ምሽት፣ ተዋንያኑ የጸሐፍቱን ሰልፍ ሰብረን አንገባም በማለታቸው፣ ወደ ደረቅ ጋዜጣዊ መግለጫ ተለውጦ ነበር፤ የኦስካር ቀንም ቀርቦ ነበር። በስምምነቱ ለኢንተርኔት የሚጻፍ ሥራ በማኅበሩ ውል ሥር ገባ። በኢንተርኔት በነጻ ለሚታይ ድራማ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የተወሰነ ክፍያ፣ ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ደግሞ ከአከፋፋዩ ገቢ 2 በመቶ ለጸሐፊው እንዲሰጥ ተወሰነ። የዲቪዲውስ? ጸሐፍቱ አድማው ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት ያን ጥያቄ ለድርድሩ ሲሉ አንሥተውት ነበር። ስለዚህ አራቱ ሳንቲም አራት ሳንቲም ሆኖ ቀረ።

በጊዜው ብዙዎች፣ ለዚህች ነው እንዴ መቶ ቀን? አሉ። ጊዜ ግን የራሱን መልስ ሰጠ። ዲቪዲ ከገበያ እየደበዘዘ ሄደ። ገና ጃንዋሪ 2007 ላይ፣ አድማው ሊነሣ ወራት ሲቀሩት፣ ኔትፍሊክስ የተባለው የዲቪዲ አከራይ ድርጅት ፊልሞችን በኢንተርኔት ማስተላለፍ ጀምሮ ነበር፤ ያ ትንሽ ጅምር አድጎ የመላውን የቴሌቪዥን ዓለም መልክ ለወጠው። ጸሐፍቱ ለስምንት ሳንቲም ብለው የኢንተርኔቱን በር ትተው ቢሆን ኖሮ፣ በጠፋ ገበያ ላይ ድል አድርገው በሚመጣው ገበያ ላይ ባዶ እጃቸውን በቀሩ ነበር።

በሩ ተከፈተ እንጂ ቤቱ አልሞላም። በ2023 ጸሐፍቱ ዳግመኛ አድማ መቱ፤ ከሜይ 2 እስከ ሴፕቴምበር 27፣ 148 ቀን። ኩባንያዎቹ ለኢንተርኔት የተሠራ ድራማ ስንት ሰው እንዳየው ስለማይናገሩ፣ ዓለም ያየው ሥራ ጸሐፊና ማንም ያላየው ሥራ ጸሐፊ የሚያገኙት የድጋሚ ክፍያ እኩል ይሆን ነበር። በአዲሱ ስምምነት ከአገር ውስጥ ደንበኞች 20 በመቶው በ90 ቀን ውስጥ ያዩት ሥራ ተጨማሪ ክፍያ እንዲያስገኝ ተደረገ፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጻፈው ነገርም እንደ ጸሐፊ ሥራ እንዳይቆጠር ተወሰነ። በዚያ ዓመት ተዋንያኑም አብረው ስለወጡ፣ ሁለቱ ማኅበራት በአንድ ጊዜ ሥራ ሲያቆሙ ከ1960 ወዲህ የመጀመሪያው ሆነ።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድን ነው? በእኔ እይታ፣ አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር «ገና ነውና ቆዩ» የሚለው ቃል ለጸሐፊ አደገኛ ቃል መሆኑን ነው። በጨቅላነቱ የተጻፈ ስሌት በጉልምስናውም ይገዛል፤ በ1985 የተፈረመችው ወረቀት ከ20 ዓመት በኋላም አራት ሳንቲም ስታስቆጥር ኖራለች። ሌላም ትምህርት አለ፤ እርሱ ለእኛ ለአንባቢዎችና ለተመልካቾች ነው። ጸሐፊ ብቻውን ከባለጸጋ ጋር ሲከራከር ድምፁ ቀጭን ነው። የሥራው ወዳጅ፣ የሚወደው ነገር ለጊዜው እንደሚቀርበት እያወቀ፣ «ይቅርብኝ፤ አንተ ግን ድርሻህን አግኝ» ሲለው ግን ሚዛኑ ይነቃነቃል። መውደድ ማለት ከመደሰት አልፎ ዋጋ መክፈል መሆኑን እነዚያ ፒዛ ተሸካሚዎች ሳይሰብኩ አሳይተዋል።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር አይተው ሲጨርሱ መስኮቱን ከመዝጋትዎ በፊት ጥቂት ይታገሡ፤ የጸሐፊውን ስም ይፈልጉ። አንድ አፍታ ነው።